«ኦል ሲዝን» ጎማ የማን ወቅት ነው?

ዛሬ ስለ ጎማ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ስለ መኪና ጎማ። «የታሪክ መምህር ነህ፣ መኪና የለህም፣ ምን አገባህ?» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ጽሑፉም ረዘም ይላል፣ ከወዲሁ ይቅርታ። ግን የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይም እንደኔ የገዛ ወንድም ያላችሁ ብታነቡት አትጎዱም። ገንዘብም ነፍስም ያለበት ጉዳይ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለች ቮልስዋገን አይዲ 4 ገዝቶ ይሠራባታል። እናታችን ዓይኗን ለመታከም እሱ ጋ ከርማ ነበር፤ ሲሻላት ሊያደርሳት ይዟት መጣ። የመኪናዋ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ስለነበር ከመነሳቱ በፊት አራቱንም አዲስ አስገጥሟል። ሻጩ «ኦል ሲዝን ነው ወንድሜ፣ ክረምት በጋ አይልም፣ ዝም ብለህ ንዳ» ብሎታል። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነው፣ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድረው፣ የመጨረሻዋን ሌሊት አርባ ምንጭ ላይ መኪናዋን ሰክተው፣ ቅዳሜ ወደ እኩለ ቀን ላይ ዲመካ ገቡ።

ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ነው። ለማታውቁት፣ ሐመሩ፣ በናው፣ በሻዳው የሚገናኝበት ቀን ነው። ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላ፣ ፍየል፣ የቡና ገለባ፣ ሁሉም ይወጣል። ወንድሜ መኪናዋን ያቆመው በረባሶ የሚሸጡ ሰዎች አጠገብ ነበር። ከእነሱ አንዱ ከአሮጌ ጎማ ጫማ እየቆረጡ ልጆች ያሳደጉ ጋሼ ናቸው። ተነስተው መጡና የኋላውን ጎማ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ቲቸር፣ ወንድምህ ነው? ንገረው፣ ይሄ ጎማ አብጧል።»

እኔ ምንም አላየሁም ነበር። እጄን ይዘው ጎኑ ላይ ሲያስቀምጡት የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት ተሰማኝ። በሌላኛው የኋላ ጎማም አለ፣ ያውም በውስጥ በኩል፣ ተጎንብሰው ካላዩት የማይታይ። «ለመኪናም አይሆን፣ ለጫማም አይሆን» አሉና ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። እናቴ የመጣችው የኋላ ወንበር ላይ፣ ልክ ከዚያ ጎማ በላይ ተቀምጣ ነው።

ያን ማታ ከወንድሜ ጋር በስልክ መብራት የጎማውን ጎን ስናነብ አመሸን። የታሪክ ሰው ሥራው ሰነድ ማንበብ ነው፤ ጎማም ለካ ሰነድ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀናት ያነበብኩትን ነው የምነግራችሁ።

ከ«ወቅት» ልጀምር። ወቅት በጎማ ታሪክ ውስጥ የነጋዴ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ የጎማ የመጀመሪያ በሽታው ራሱ ወቅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አሜሪካኖች ከዛፍ ወተት የሚገኘውን ጎማ ጫማና ካፖርት እያደረጉ ይሸጡት ነበር። ሙቀት ሲመጣ ይቀልጥና ይሸታል፣ ብርድ ሲመጣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ገዢው ሁሉ ተናዶ መለሰው፣ ፋብሪካዎቹም ከሰሩ። ቻርልስ ጉድይር የተባለ ሰው በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አድርጎ በእሳት ሲያሞቀው በሙቀትም በብርድም የማይለወጥ ነገር አገኘ። የምናውቀው ጎማ በሙሉ የተወለደው ከዚያ ነው። ሰውየው ግን ዕዳ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ትልቅ ኩባንያ የተቋቋመው እሱ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ ነው፣ አንዲት ሳንቲምም አላገኘበትም። (ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ «ታዲያ ለምን ለፋ?» ይሉኛል።)

በ1888 ደግሞ ደንሎፕ የሚባል ቤልፋስት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ብስክሌት አየር የሚሞላ ጎማ ሠራለት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር። የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ነገር ይመስለናል አይደል? በዓለም ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈችው መኪና የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ሚያዝያ 1891 ዓ.ም.፣ ማለትም ከዓድዋ ድል 3 ዓመት በኋላ፣ ካሚል ዠናትዚ የተባለ ቤልጂጋዊ ፓሪስ አጠገብ በባትሪ የምትሄድ ጥይት የመሰለች መኪና በሰዓት ወደ 106 ኪሎ ሜትር ነዳ። የተጫማችው የሚሼሊን የአየር ጎማ ነበር። ያኔም የባትሪ መኪና ችግሩ ዛሬ ያለው ነው፦ ክብደት። ባትሪ ከባድ ነው፣ ክብደቱን ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚሸከመው ጎማ ነው። ቤንዚን ሲረክስና ሲቀል የባትሪ መኪና ተረሳች፣ የክብደቱም ጥያቄ አብሮ ለመቶ ዓመት ያህል ተኛ።

እኛ አገር ነገሩ በብረት እግር ነው የጀመረው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄደው ተሽከርካሪ፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው፣ መንኮራኩሩ ብረት ነበር። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ በተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስታ ሸዋ ገባች። መንገድ በሌለበት፣ በበቅሎ ዱካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ወደዚህ አገር የገባ ጎማ ሁሉ ለሌላ አገር መንገድ ታስቦ የተሠራ ነው።

ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። «ጎማ» ጣሊያንኛ ነው። «ጎሚስታ» ጣሊያንኛ ነው። «ቸርኬ»፣ «ስኮርት»፣ «ክሪክ»፣ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት በሺዎች የሚቆጠር ካሚዮን ይዞ ገባ፣ ለካሚዮኖቹም መንገድ ጠረገ። ሲወጣ ካሚዮኑ አረጀ፣ ሜካኒኩና ቃሉ ግን ቀሩ። ዛሬ ጂንካ ላይ ያለ ጎሚስታ ጣሊያን አገር በካርታ ላይ አሳየኝ ብትሉት ላያገኘው ይችላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል። ልብ በሉ፣ ያስገባነው የዕቃውን ስም ነው። «ይህ ጎማ ለየትኛው መንገድ ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሚሸከም ቃል ግን አልገባም፣ እኛም አልፈጠርንም። እርግጥ በ1964 ዓ.ም. አዲስ ጎማ ፋብሪካ ተቋቁሟል፤ በኋላ ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተጣምሮ ማታዶር አዲስ ጎማ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሆራይዘን አዲስ ጎማ ተብሏል። የእሱ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ዛሬ አልገባበትም።

ወደ ወቅቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1934 ፊንላንዶች፣ የዛሬው ኖኪያን ጎማ ማለት ነው፣ በበረዶ ላይ ለሚሄድ ካሚዮን የተለየ ጎማ ሠሩ። ጥርሱ ጠለቅ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ የበረዶ አገር ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ መቀየር ልማዱ ሆነ፣ ለብርዱ አንድ፣ ለሙቀቱ አንድ። አሜሪካኖች ይህ ሰለቻቸው። በ1977 ጉድይር «ቲየምፖ» የሚባል ራዲያል ጎማ አወጣና «ዓመቱን ሙሉ ይሄው ይበቃል» አለ። እኛ በካራማራ በኩል ከሶማሊያ ጦር ጋር ስንተናነቅ በነበረበት ዓመት መሆኑ ነው። «ኦል ሲዝን» የሚለው አነጋገር በገበያ የጸናው ከዚያ ወዲህ ነው። ትርጉሙም ቀላል ነው፦ ጥቂት በረዶ ቢጥል አትቆምም፣ ሙቀት ሲመጣም ጎማ አትቀይርም።

ታዲያ ይሄ ወደ አማርኛ ሲመጣ ምን ሆነ? እዚህ ጋ ነው ትልቁ ስህተት ያለው፣ እኔም ራሴ ክፍል ውስጥ ስሳሳት የኖርኩበት። «ዊንተር» የሚለውን «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን፣ «ሰመር»ን ደግሞ «በጋ»። ግን እነሱ ዊንተር ሲሉ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ያ ለአብዛኛው ኢትዮጵያ በጋ ነው! የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያ የእነሱ ሰመር ነው። የወራቱ መገለባበጥ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የእነሱ ዊንተር ብርድ ማለት ነው፣ የእኛ ክረምት ውኃ ማለት ነው። ስለዚህ «የዊንተር ጎማ» የሚለውን «የክረምት ጎማ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው፣ ሳያውቅም ቢሆን፣ ለዝናብ ብላችሁ የብርድ ጎማ እንድትገዙ ነው የሚያደርጋችሁ። የብርድ ጎማ የሚሠራው ከ7 ዲግሪ በታች እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ ለስላሳ በሆነ ጎማ ነው። ያን ለስላሳ ነገር ይዛችሁ ቱርሚ ውረዱ፤ በዚያ ፀሐይ ላይ እንደ ላጲስ ያልቃል።

ከዚያም አልፎ የእኛ ወቅት በወር ብቻ የሚቆጠር አይደለም፣ በከፍታም ነው። ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ጠዋት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይመታዋል። እዚህ ዲመካ ሲደርስ ግን ምድሩ ደርቆ አቧራ ነው፣ የኛ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነውና። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ ሁሉንም በሁለት ቀን መንገድ ውስጥ ያልፋል። አሜሪካዊው ጎማ አራት ወቅት የሚያየው በ12 ወር ነው። የወንድሜ ጎማ በ48 ሰዓት አየው። በላዩ ላይ ኮረት ድንጋይ፣ የደረቀ የወንዝ አሸዋና የግራር እሾህ አለ፤ እነዚህን ማንም ወቅት ብሎ አልቆጠራቸውም።

ጎማው ጎን ላይ ምን አነበብን? በመጀመሪያ «ኤም+ኤስ» የሚል አለ። ጭቃና በረዶ ማለት ነው። ይህን የሚጽፈው ፋብሪካው ራሱ የጥርሱን ቅርጽ አይቶ ነው፣ በረዶ ላይ ተፈትኖ የሚሰጥ አይደለም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ሥዕልና መሐሉ ላይ የበረዶ ኮከብ ካለ ግን የተፈተነ ነው፣ ወደ ብርዱ ያደላ ጎማ ነው ማለት ነው። ለቆላ ሰው ይሄ ምልክት ጌጥ አይደለም፤ ባይኖር ይሻላል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው፣ የወንድሜ ጉድም የተገኘው እዚያ ነው። የእሱ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ የፊት ጎማዋ 235/55 ባለ 19፣ የኋላዋ ደግሞ 255/50 ባለ 19 ነው። የኋላው ይሰፋል፣ ቸርኬውም ይሰፋል፣ ምክንያቱም መኪናዋን የሚገፋው የኋላው እግር ነው። ሻጩ ግን አራቱንም 235/55 አድርጎ ሸጠለት። ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ይገባል፣ መኪናዋም ትሄዳለች፣ ምንም አይታይም። ጠባብ ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲወጠር ግን ጎኑ ይለጠጣል፤ ድንጋይ ሲያገኘው የሚያርፍበት ሥጋ የለውም።

ሦስተኛው ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፣ ሁላችንም የምናልፈው። የጭነት ቁጥር ነው። የቀድሞው የኋላ ጎማ 107 ነበር፤ 107 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 975 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። አዲሶቹ 101 ናቸው፣ 825 ኪሎ። በአንድ ጎማ 150 ኪሎ፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች 300 ኪሎ አቅም ሳይነገረው ቀነሰ። ወረቀት ላይ ቢሰላ ምናልባት አሁንም ይችላል ትሉኝ ይሆናል። እሱም እንደዚያ ብሎኛል። ግን ያቺ መኪና ባዶዋን ከ2 ቶን በላይ ናት፣ ባትሪዋ ብቻ ግማሽ ቶን ገደማ ይሆናል። ከለመድናት ቪትዝ ጋር አታወዳድሯት፤ እሷ 1 ቶን ገደማ ናት። ከዚያ አምስት ሰው፣ ኩንታል ጤፍ፣ የኮንሶ ቁልቁለት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ኃይል ለመመለስ በሞተሯ ነው የምትይዘው፣ የምትይዘውም በዚያው በኋላ እግር ነው። የሚገፋውም የሚይዘውም እሱ፣ ጭነቱንም የሚሸከመው እሱ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ይበቃል። የጎኑ ክር ተበጥሶ አየሩ በቆዳው በኩል ሊወጣ ይገፋል። ጋሼ በመዳፋቸው ያገኙት እብጠት ያ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ አይጠገንም፤ መቼ እንደሚፈነዳ ደግሞ ማንም አይነግራችሁም።

በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲናገሩ፣ ሁላችንም የተከራከርነው ስለ ቻርጅና ስለ ባትሪ ነበር። እኔም ሻይ ቤት ውስጥ ስለ ባትሪ ስንት ቀን ተከራክሬአለሁ። ስለ ጎማ ያነሳ ሰው ትዝ አይለኝም። በነዳጅ ስንነዳ የተማርነው የጎማ አመራረጥ፣ «ቸርኬው 19 ከሆነ 19 ስጠኝ» የሚለው፣ ለቀላል መኪና አያስከፍልም ነበር። ለዚህች ያስከፍላል።

አራተኛው ዕድሜው ነው። በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። የወንድሜ «1824» ይላል፣ የ2024 18ኛ ሳምንት። ቆጠርኩት፤ በእኛ ሚያዝያ 2016፣ ሰሙነ ሕማማት ነው የዋለው። ዕድሜው መጥፎ አልነበረም። ግን ሲገዙ ይህን አራት አኃዝ የሚያይ ሰው ስንት ነው? ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚያረጅ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ሲያዩት አዲስ ነው፤ ውስጡ ግን ይደርቃል። ለቆላ የሚነዳ ሰው ደግሞ «ቴምፕሬቸር» ከሚለው ቀጥሎ «ኤ» የሚል ፊደል ካለ ያንን ይምረጥ፤ ሙቀት የመቻል ከፍተኛው ደረጃ ነው።

ጋሼን ማግስቱን ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ እንዴት አወቁ ብዬ። ሳያቸው ግርም አላቸው። 30 ዓመት ጎማ የሚቆርጥ ሰው የማያውቀው ምን አለ? ድሮ የሚመጣው ጎማ ውስጡ ድርብርብ የናይለን ክር ነበር፣ ቢላዋ ይገባዋል፣ ጫማ ይሆናል። አሁን የሚመጣው ሽቦ ነው። ሚሼሊን እ.ኤ.አ. በ1946 ራዲያል ጎማን ባለቤትነቱን ካስመዘገበ ወዲህ ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ያለው ጎማ ዓለምን ሞልቶታል። ለአስፋልት በጣም ጥሩ ነው፣ አይግልም፣ ቶሎ አያልቅም፣ ባትሪም ይቆጥባል። ጎኑ ግን ከድሮው ስስ ነው። «ጥርሱን ብቆርጠው ሽቦው እግር ይወጋል፣ ጎኑን ብቆርጠው ደግሞ ወረቀት ነው» አሉኝ። ሚሼሊን በመጽሐፍ የሚያስረዳውን እሳቸው በቢላ ደርሰውበታል።

ወንድሜ ዲመካ ስምንት ቀን ቆየ። ሁለት 255/50፣ የጭነት ቁጥራቸው 107 የሆነ፣ ከአዲስ አበባ አስልኮ ጂንካ ድረስ በአውቶቡስ መጣለት፤ እዚያ ያለው ጎሚስታ ገጠመለት። የፊቶቹን ተዋቸው፤ ከነሱም ቢሆን 105 የሚሉት ይሻሉት ነበር፣ ግን ገንዘቡ አልበቃም፣ እውነቱን ለመናገር። ጎማው ከባድና ሰፊ ስለሆነ አንዴ ቻርጅ አድርጎ የሚሄደው ርቀት ትንሽ ቀንሷል። ያለቀ ጎማ ቀሎ ስለሚንከባለል አዲስ ሲደረግ ሁልጊዜ ጥቂት ይቀንሳል፣ አትደንግጡ። አየሩን በጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ይለካዋል። ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራልና፣ በቀትር ወይጦ ላይ ለክቶ «በዛ» ብሎ ያስተነፈሰ ሰው ማታ ኮንሶ ደጋ ላይ ጎማው ጎድሎ ያገኘዋል።

እናታችን ደህና ናት፣ ዓይኗም ጥሩ ነው። ያበጡትን ጎማዎች ጋሼ አልወሰዷቸውም። ግቢያችን ውስጥ አሉ፣ ዶሮዎች ይተኙባቸዋል።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቷል። መኪናዋ ስኮርት ጎማ የላትም፤ በምትኩ የሚነፋ አረፋና ትንሽ የአየር መሙያ ነው የተሰጣት። ያ ለሚስማር ይሆናል፣ ጎኑን ለቀደደ የግራር እሾህ ግን አይሆንም። ለዚህች መኪና የሚገጥም ባለ 19 ስኮርት፣ ከነቸርኬው፣ አዲስ አበባ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወንድሜ ለመስቀል ተመልሶ ሊመጣ ነው።